ወደ ካሜራው ያየ ሰው

ባልደረቦቹ «ጥላው» ይሉታል። የመንገድ ላይ ፎቶ አንሺ ነው፤ ሰው ሳያየው ያነሳል፣ ካነሳም በኋላ እንዳልነበረ ይሆናል። ስሙን ያወጡለት ሊያሞግሱት ነው፤ እሱም በዚህ ስም ሲጠሩት ደስ ይለዋል። እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ፣ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው ጥላ መባል ምኑ ይወደዳል እላለሁ።

አንድ ችሎታ ግን አለው፣ አይካድም። ሰፈር መፈለግ ያውቅበታል። ትልቅ ከተማ ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚኖርበትን ሰፈር ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ካርታ ላይ አይጻፍም። የሱ ዘዴ እንዲህ ነው። አውቶቡስ ይሳፈርና የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ መሃል ከተማ በእግሩ ይመለሳል። ሲመለስ ሕንፃ አያይም፣ ፀጉር ቤት ነው የሚያየው። በአንድ መንገድ ላይ አራት ፀጉር ቤት ካለና የአራቱም መስታወት ላይ የተለጠፈው የፀጉር ቁርጥ ለየቅል ከሆነ፣ እዚያ ይቆማል። ቀጥሎ የተሰጣውን ልብስ ያያል። የፋብሪካ ቱታ፣ የአስተናጋጅ ጥቁር ሱሪ፣ የነርስ ጋዋንና መሬት የሚጠርግ የአሮጊት ቀሚስ አንድ ገመድ ላይ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

ይህንን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአሥራ ሁለት ሰዎች ያስተምራል። ተማሪ ብላቸው ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ የጥርስ ሐኪም አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ከሁሉም ፊት የምትቀመጥ አንዲት ጡረታ የወጣች የሂሳብ መምህርት አለች። ዋናው ትምህርቱ አንድ ነው፦ ያየህ ፎቶ የሞተ ፎቶ ነው። ሰውየው ወደ ካሜራው ካየ ፊቱን አስተካክሏል፣ ፊቱን ካስተካከለ ዋሽቷል፣ ጣለው። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ።

ለዚህ ትምህርት ማስረጃው «ተሸካሚው» የሚባለው ፎቶ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ያነሳው፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኝ በተሰጣ ልብስ መሃል፣ አንድ ሰው ትልቅ የሶፋ ወንበር ገልብጦ ራሱ ላይ ደፍቶ ሲሄድ ከኋላ ይታያል። የወንበሩ አራት እግር ወደ ሰማይ ቆሟል። የሰውየው ጀርባና ኮቱ እንጂ ፊቱ የለም። ይህ ፎቶ ተሸልሞ፣ በከተማው አውቶቡሶች ጎን ላይ ተለጥፎ አንድ ክረምት ሙሉ ዞሯል። ጥላውን እንጀራ ያበላው እሱ ነው። ታሪኩንም አፉን ሞልቶ ነው የሚያወራው፤ በዚያን ቀን አርባ አንድ ፎቶ አንስቼ ነበር፣ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አርባውን አጠፋሁና አንዱን አስቀረሁ፣ ፎቶ አንሺ ማለት ጨካኝ ነው ይላል።

ያን ቅዳሜ ተማሪዎቹ «ተሸካሚው» የተነሳበትን ሰፈር ካላሳየኸን ብለው ለመኑት። ተመልሶ ሄዶ አያውቅም። አንድ ሰፈር ሁለቴ አልሄድም የሚል ሕግ አለኝ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚመለስበት ጉዳይ እንዳለው ረስቶት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ያንኑ የአርባ አንዱን ታሪክ እንደገና አወራላቸው። መምህርቷ አጠገቡ ተቀምጣ ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ አያት፣ ደስም አለው።

ሰፈሩ አልተለወጠም። አራቱ ፀጉር ቤቶች አሉ፣ ገመዶቹ አሉ፣ በአራት ዓይነት ፊደል የተጻፉት ሰሌዳዎችም አሉ። ጥላው ፊት ፊት እየሄደ፣ እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ፣ ከጥጉ ፀጉር ቤት አንድ ሽማግሌ ማበጠሪያ እንደያዘ ብቅ አለ። ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛው ወንበር ላይ ቀርቷል። ፀጉር አስተካካዩ ጥላውን ከላይ እስከ ታች አየውና ያ ፎቶ አንሺ አንተ አይደለህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጥላው ፈገግ አለ። ዝናው እዚህም የደረሰ መስሎት፣ ይቅር ይበለውና፣ ሊፈርምለት እጁን ለእስክሪብቶ ወደ ኪሱ ሰደደ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ፊርማ አልፈለገም። ወደ ጎረቤቱ በር ዞሮ፣ ነይ ውጪ፣ ሰውዬሽ መጣ ብሎ ተጣራ። ከዚያ ወደ ጥላው ተመልሶ፣ ይህቺ ሴት እዚህ ፖስታ ትቶልኝ ሄዷል ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ሰባት ዓመቷ ነው አለው። እሷ ከመጠየቋ በፊት ደግሞ ባሏ ሥራ ሲገባም ሲወጣም ይጠይቀኝ ነበር አለ።

የዚያን ጊዜ ነው ጥላው የረሳው ነገር ሁሉ ከተኛበት የተነሳበት። ያን ቀን ወንበሩን የተሸከመው ሰው የካሜራውን ድምፅ ሰምቶ ቆሞ ነበር። ወንበሩን መሬት አስቀምጦ ዞረ። ጥላው ሊጣላኝ ነው ብሎ ለመሸሽ ተዘጋጅቷል። ሰውየው ግን አልተቆጣም። ዓይን አፋር ቢጤ ነው፤ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፣ የኮቱን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ አውርዶ ቀጥ አለ። ሶፋ ሠሪ ነኝ አለ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ልጁ ሲመጣ ግድግዳችን ባዶ እንዳይሆን አንድ አንሳኝ አለ። ጥላውም እንዲገላግለው ብቻ አንድ ጊዜ ተጫነ። ፎቶውን ፀጉር ቤቱ ጋ ተውልኝ ሲለው፣ በሳምንቱ አመጣዋለሁ አለው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎም ምሎለታል። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፈረና እንደ ልማዱ ወደ ካሜራው ያዩትን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ሶፋ ሠሪው ቀጥ ብሎ አይቶት ነበርና ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ።

ሴትየዋ ከበሩ ወጣች። ልብስ ተኳሽ ናት፤ የካውያው ሙቀት ፊቷን አቅልቶታል። ሠላሳ ቢሆናት ነው። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው። ብትሰድበው ይሻል ነበር።

«መጡ እንዴ ጋሼ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ የነገረችውን ቆሞ ከመስማት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ባሏ ልጁ ሊወለድ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ሞቷል። ሥራ ቦታው ውስጥ የሶፋ ስፖንጁ እሳት ያዘ፣ በሩ ከውጭ ነበር የሚከፈተው። መታወቂያው ኮቱ ኪስ ውስጥ እንዳለ አብሮት ተቃጠለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ፋይልም እንደዚያው። ስልካቸው ደውሎ ከማነጋገር ሌላ የማይችል ስልክ ነበር። ሲጋቡ ፎቶ አልተነሱም፤ ነገ ዛሬ ሲሉ ቀረ። ልጅቷ ተወለደች፣ አሁን ሰባት ሊሞላት ነው፣ የአባቷን መልክ አታውቅም። ጥላው ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን ሲፈልጓት አትከፈትም።

ሴትየዋ አልጨረሰችም። የአውቶቡሱንም ፎቶ አይታዋለች። ፌርማታ ላይ ቆማ ሳለ ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ፊቷ ላይ መጥቶ ቆመ። የኮቱን አንገትጌ ራሷ ስለሆነች የጣፈችው አልተጠራጠረችም። ያኔ ነው ተስፋዋ የጸናው።

«ጀርባውን ያስቀመጠ ሰው ፊቱን አይጥልም ብዬ ነው የጠበቅኩት» አለችው።

እዚያ ላይ መናገር ይችል ነበር። እናንተም እኔም እንደዚያ እንል ነበር፤ ማለት ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ከበውታል፣ ካሜራቸው ይንጫጫል፤ የጥርስ ሐኪሙ እንባው መጥቷል፣ እንዲህ ያለ ትዕይንት በዕድሜው አላየማ። ጥላው አፉን ከፈተና፣ በሳምንቱ አመጣዋለሁ አለ። ከሰባት ዓመት በፊት የተናገረው ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ሴትየዋ እጁን ይዛ ሳመችው። ከሁሉም ፎቶ ያላነሳችው መምህርቷ ብቻ ነበረች።

ሲመለሱ መምህርቷ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች። በመስኮት እያየች፣ ወደሱ ሳትዞር፣ «ከአርባዎቹ አንዱ ነው፣ አይደል?» አለችው። ጥላው አንገቱን ደፋ። እሷም ማስታወሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከቤቷ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወረደች።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እሱም አያውቀው። የቤቱን ካርቶን ሁሉ ገለበጠ፣ የድሮ ሲዲዎቹን አንድ በአንድ አየ። አሮጌዋን ሚሞሪ ካርድ አግኝቶ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ሮጠ። ጠጋኙ አንድ ቀን ሙሉ ታገለና መለሰለት፤ ይህ ካርድ እኮ ስንቴ ተጽፎበታል፣ በየቀኑ የተጠረገ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዛሬ ሰባት ዓመት ምን ተጻፈ እንደማለት ነው አለው። ጥላው ገንዘብ እጨምራለሁ ቢለው ጠጋኙ ሳቀበት።

ቀርቶ መቅረትም አሰኝቶታል፣ አልዋሽላችሁም። ከተማው ትልቅ ነው፤ ሌላ ፌርማታ ሞልቷል። ሴትየዋ ስልኩንም አታውቅ፣ ስሙንም አታውቅ። ሰይጣን እንዲህ ሲመክረው ጆሮውን ሰጥቶ አመሸ። ግን እናቱ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትለውን አስታወሰ። ልጅነቱን ሙሉ ሲሰማው ምን የሚያስጠላ ተረት ነው ይል ነበር፤ አሁን ግን የሰው ልጅ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ ስትጠብቀው ታየችው። በማግስቱ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቁን «ተሸካሚው» ከነፍሬሙ አወረደና በጋዜጣ ጠቀለለው። አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ሄደ። ብቻውን ነበር፣ ካሜራም አልያዘም።

ክፍሏ አንዲት ናት። ከበሩ ጥግ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ በላዩ የተንጠለጠሉ ሸሚዞች፣ በየአንገትጌያቸው የባለቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ አናቱ የናስ የሆነ የሶፋ ምስማር ተመቶ ባዶውን ቆሟል። ባሏ ነው የመታው፣ ፎቶ ይመጣል ባለበት ዕለት። ልጅቷ ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች፤ አባቴን በቆሻሻ እጄ አልይዘውም ብላ ሁለቴ ታጥባለች። ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል።

እናትየዋ ጋዜጣውን ቀስ ብላ ፈታችው። ከዚያ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ የኮቱን አንገትጌ ዳሰሰች፤ ይቺን ክር ስፈልግ ስንት ሱቅ ዞሬያለሁ አለች፣ ለራሷ ነው። ይህ ሌላው ነው፣ የፊቱ ከሥሩ ይኖራል ብላ ጋዜጣውን እንደገና አነሳችና አራገፈችው። ከጋዜጣው ምንም አልወደቀም።

ልጅቷ ፍሬሙን ተቀበለቻት። አየችው፣ ጠጋ አርጋ አየችው። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ፍሬሙን ገለበጠችው። ጀርባውን ያሳየ ሰው በወዲያኛው በኩል ፊቱ ይኖራል ብላ ነዋ። በወዲያኛው በኩል ያለው ቡናማ ካርቶንና የፍሬም ሠሪው ቲኬት ነበር።

«ፊቱስ?» አለች።

ጥላው ቁጭ አለ። ሲመጣ በአእምሮው ያሰናዳው ነገር ነበር፤ ካርዱ ተበላሽቶ፣ ኮምፒውተሩ ተሰብሮ የሚል። ልጅቷ ዓይኑን ስታየው ያ ሁሉ ጠፋበት። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሳያየው የኖረ ሰው ነው፤ መታየት አልለመደም።

«አጠፋሁት» አላት።

«ለምን?»

«ወደ እኔ አይቶ ስለነበር» አላት።

ልጅቷ አልገባትም፤ ማንስ ቢሆን ይገባዋል? ፀጉር አስተካካዩ ግን ገብቶታል። ጥላውን አንዴ አይቶት ዓይን አውጣ አለና ቃሉን ሳይደግም ወደ ሱቁ ሄደ። እናትየዋ ካውያዋን ከሶኬት ነቀለች፣ ሽቦውን ጠቅልላ አስቀመጠች፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ እንደገና አጠፈች። ሥራ አጥታ አይደለም። ጥላው ውጣ ብትለው ሊወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። እሷ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችና ልጅቷን እዚያ ላይ አደረገቻት።

እንግዲህ ይንገሯት አለችው። የእኔን ስትሰማ ነው ያደገችው፣ አሁን አሁን አታምነኝም፤ ትናንት ጺም አለው አልሽ፣ ዛሬ ደግሞ የለውም አልሽ ትለኛለች። እውነቷን ነው አለች፣ ድምጿ ዝቅ እያለ።

«ለእኔም እየጠፋብኝ ነው ጋሼ። እርስዎ የማየት ባለሙያ ነዎት፤ በካሜራው አጉልተው አይተውታል። ምን ይመስል ነበር?»

ይህን ከጥላው በላይ ማን ሊመልሰው ይችላል? ያን ቀን ልቅም አድርጎ ያስታውሰዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ብርሃኑ ከግራ ነው። ገመዱ ላይ ሁለት ነጭ ሸሚዝና አንድ ሰማያዊ ቱታ ነበር፣ ከቱታው ውሃ ይንጠባጠባል። ከወንበሩ እግሮች አንደኛው ከሌሎቹ ትንሽ ያጥራል። ሰውየው ዞረ፣ ላቡን ጠረገ፣ ቁልፉን ቆለፈ፤ ከታች ሁለተኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ነበር የተሰፋው። ጥላው በልቡ ከቁልፉ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ አንገትጌው፣ ከአንገትጌው ወደ አገጩ። ከዚያ በላይ ምንም የለም። ፎቶው ሞቷል ብሎ ዓይኑን ቀድሞ አንስቶ ነበርና አላየውም።

ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች። ጺም ነበረው ወይ ብላ ጠየቀችው። ጥላው እናትየዋ ትረዳው እንደሆነ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ከልጅቷ ባልተናነሰ አፍ አፉን እያየች ነው። ፊቱ በእፍረት ጋለ፣ ጆሮው ድረስ። አንድ ነገር፣ አንድ እውነት የሆነ ነገር ሰጥቷት ለመሄድ ያለውን ሁሉ ፈተሸ።

«ወንበሩ ቀይ ነበር» አላት።